ሁዳድ፣ ኩሽኔታ፣ ሮቦት

«ነፋስ ስልክ» የሚለውን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው ከታክሲ ረዳት አፍ ነው። ቆም ብሎ ለሚያዳምጠው ግን ስሙ ራሱ ትንሽ ግጥም ነው። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ሽቦ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው የመነጋገሪያ መሣሪያ በሽቦ የሚሄድ ስለ ነበረ መሣሪያው የሽቦውን ስም ወሰደ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ በከተማዪቱ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ሽቦ የሌለው ስልክ መጣ። ሽቦ የሌለውን ሽቦ ምን ይሉታል? «ነፋስ ስልክ» አሉት። ፈረንጆቹ ያንኑ መሣሪያ «ሽቦ አልባ» ሲሉ የጠራው ስማቸው የጎደለውን ነገር ይናገራል፤ የእኛ ሰዎች ስም ግን በጎደለው ፈንታ የገባውን ይናገራል። ሽቦው ነፋስ ነው።

ያ ዘመን ምጸትም አያጣም። በአቃቂ በኩል የቆመውን ትልቁን የሬድዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጣሊያንን ወረራ አስቀድመው ለዓለም የከሰሱት በዚሁ በነፋስ በሚሄድ ድምፅ ነው። መሣሪያን ማን ሠራው የሚለውና ለማን ይሠራል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን በዚያው እንያዘው፤ ወደ ኋላ ይመለሱብናል።

ዛሬ ያ ስም የአንድ ክፍለ ከተማ ስም ነው። ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ላፍቶን፣ ለቡን፣ ጀሞን ይዞ እስከ ከተማዋ ጠረፍ ይዘረጋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ውስጥ፣ በኮንዶሚኒየም ጠረጴዛና በፖሊቴክኒክ ወርክሾፕ ላይ፣ ወጣቶች የሚገጣጥሙት ትንሽ በራሱ የሚንቀሳቀስ ማሽን ነው። እርሱን እንደ ነፋስ ስልክ በገዛ ቋንቋችን አልሰየምነውም። ዓለም እንደሚጠራው «ሮቦት» ብለን ተቀበልነው። ቃሉ ግን የውጭ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ ባዳ አልነበረም።

ቃሉ የተወለደው ከድራማ ነው። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው «አር. ዩ. አር.» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ በፋብሪካ የሚመረቱ ሰው መሰል ሠራተኞችን ፈጠረ። ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ግራ ሲገባው ወንድሙን ዮሴፍን ጠየቀ። ዮሴፍ ሠዓሊ ነበር፤ «ሮቦት በላቸው» አለው። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ገበሬው ለባለ መሬቱ ጌታ ያለ ክፍያ የሚያገለግለው የግዴታ ሥራ ነው። በሀብስቡርጎች ግዛት ይህ ሥራ በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው፤ ስለዚህ ተውኔቱ በታየበት ዘመን የነበሩ አያቶች ቃሉን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወላጆቻቸው ወገብ ያውቁት ነበር።

እኛስ? እኛ «ሁዳድ» እንለዋለን። ገባሩ የራሱን ማሳ ትቶ በተመደበለት ቀን የጌታውን መሬት የሚያርስበት፣ የሚያርምበት፣ የሚያጭድበት ሥርዓት ነው። የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የመሬቱንና የግብሩን ሥርዓት በዝርዝር አኑሮልናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የገባሩን ሆድ አሳዩን። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ ግብር ሲጠይቁ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች እምቢ ብለው ይነሡባቸዋል፤ በመጨረሻም ይማርኳቸዋል። የቻፔክ ሮቦቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በጌቶቻቸው ላይ ተነሡ። ልዩነቱ የቻፔክ አመፀኞች የሰውን ዘር ሲጨርሱ የሐዲስ ገበሬዎች ፊታውራሪውን አለመግደላቸው ነው። እኔ በዚህ በኩል ሐዲስን የተሻለ የሰው አዋቂ ሆኖ አገኘዋለሁ። የሆነ ሆኖ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው «ሮቦት» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ በብረትና በሽቦ ብቻ አይሰማውም። (የቻፔክ ሮቦቶች ከብረት የተሠሩ እንኳ አልነበሩም፤ ሥጋ መሰል ነገር ተቦክቶ የተበጁ ነበሩ። ብረቱን ያለበሳቸው በኋላ የመጣው ሲኒማ ነው።)

*

ማሽን የሚሠራ እጅ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው፤ የክብር ታሪክ ግን አይደለም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚያበጀው ሰው ቀጥቃጭ ተባለ፤ ሲብስም ቡዳ። ቆዳ አልፊው ፋቂ፣ ሸማ ሠሪው ቁጢት በጣሽ ነበር። ያለ እርሱ የማያርስ አገር ከእርሱ ጋር አይጋባም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሙያ መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የዕለት እንጀራ ስለ ነበረ ነው።

ከእርሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያቋቋሙትን መንደር እናስታውስ። እንደ ቫልድማየር ያሉ ለወንጌል የመጡ የእጅ ባለሙያዎች በንጉሡ ግፊት መድፍ ሠሪ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1867ም ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ከዚያም በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያን ብረት በገደልና በሸለቆ እየጎተተ መቅደላ አደረሰው። ደራሲዎቻችን ስለ መድፉና ስለ ንጉሡ ብዙ ጽፈዋል። እቶኑን ሲያናፋ ስለ ዋለው ኢትዮጵያዊ ወናፍ ነፊ፣ ስለ ጎታቹም ትከሻ የተጻፈው እፍኝ አይሞላም። ሴባስቶፖል አገሪቱ ካየቻቸው ግዙፍ የቴክኒክ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ግን በትእዛዝ የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ፈርተው ሠሩት፣ ጎታቾቹ ተገድደው ጎተቱት። ከፍቅር የተሠራ ማሽን ታሪክ ለማግኘት ከቤተ መንግሥት መውጣትና ወደ ልጆች መውረድ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ቁልቁለቶች ያደገ ሰው ኩሽኔታን አይረሳም። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ይለቀማል፣ ከጣውላ ሥር በእንጨት ዘንግ ላይ ይገጠማል፣ የፊተኛው ዘንግ በገመድ ወይም በእግር ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ይጮኻል። ከእርሱ ቀድሞ ደግሞ የሽቦ መኪና ነበር። ጎማው ቆርኪ ወይም የተቆረጠ ነጠላ ጫማ ሆኖ፣ ከልጁ ወገብ ድረስ በሚደርስ ረጅም ሽቦ መሪው ይዞራል። እነዚህ መጫወቻዎች መሪ፣ አክሰል፣ አንዳንዴም ሞላ ነበራቸው፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ማንም አላዘዛቸውም። በአገራችን የምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ሊገቡ ይገባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቃላቱንም ልብ ይሏል። ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ መኪናም ራሱ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲባረር መሬቱን ለቀቀ፣ በጋራዥ ውስጥ ያለውን ቋንቋ ግን አልለቀቀም። አማርኛ ለቅኔ መንገድ ስምና ለዜማ ምልክት ሁሉ የራሱ ቃል አለው፤ ለብሎን መፍቻ ግን ተበደረ። ሰዋስውና ዜማ የተከበሩ ሙያዎች ነበሩና ስም ወጣላቸው፤ ቀጥቃጩ ግን ስም ለማውጣት ፋታም ሥልጣንም አልነበረውም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል።

*

የትንሽ ሮቦት ታሪክ በዓለምም ቢሆን ከውራጅ ዕቃ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ዊልያም ግሬይ ዎልተር የተባለ የአንጎል ተመራማሪ ሁለት ኤሊ መሰል ማሽኖችን ሠራ፤ ኤልመርና ኤልሲ ብሎ ሰየማቸው። ጥርሶቻቸውን ያገኘው ከአሮጌ ሰዓትና ከጋዝ ቆጣሪ ነበር። እያንዳንዳቸው አንድ ብርሃን የሚያይ ዐይን፣ አንድ መጋጨትን የሚያውቅ ቅርፊት፣ ለአንጎልም ሁለት የሬድዮ አምፑል ብቻ ነበራቸው። በዚህ ብቻ ብርሃን እየፈለጉ በክፍሉ ይዞሩ፣ ወንበር ሲመቱ ያፈገፍጉ፣ ባትሪያቸው ሲደክም ወደ ጎጇቸው ይመለሱ ነበር። ዎልተር ሊያሳይ የፈለገው ውስብስብ የሚመስል ጠባይ ከጥቂት ሽቦ ሊወጣ እንደሚችል ነው። ሮቦት አገልጋይ መሆን አለበት የሚለው የቻፔክ ሐሳብ በእነዚህ ኤሊዎች ላይ አይሠራም። ምንም አያገለግሉም። ሥራቸው መዞር ብቻ ነው።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ የዞረ ሰው የዎልተርን ጠረጴዛ በሺህ ተባዝቶ ያየዋል። ቁራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ሁሉ እዚያ ይፈታል፣ ይቀጠቀጣል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ከተበላሸ ማተሚያ ማሽን ጥሩ ሞተር ይወጣል፤ ከአሮጌ የሲዲ ማጫወቻ ደግሞ ትንንሽ ሞተርና ጥርስ። ከወደቀ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ገና ነፍስ ያላቸው ሴሎች ይለቀማሉ። ለቡ ወይም ጀሞ ቁጭ ብሎ ሮቦት የሚሠራ ተማሪ ግማሹን ዕቃ ከእንዲህ ያለ ቦታ ያገኛል። ሌላው ግማሽ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው።

ያ ሌላው ግማሽ ምንድን ነው? አንደኛው መዳፍ የማታክል ሰሌዳ ናት፤ አርዱይኖ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣሊያን ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ ለኤሌክትሮኒክስ እንግዳ የሆኑ የንድፍ ተማሪዎች በርካሽ እንዲማሩባት ተሠራች። ስሟን ያገኘችው መምህራኑ ከሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት ነው፤ መጠጥ ቤቱ ስሙን ያገኘው ከአንድ የጥንት ንጉሥ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ለኢቭሬያ ሌላ ወሬ አለው፤ የኦሊቬቲ ከተማ ናትና። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስቀመጥ ከደከሙ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የአማርኛ ኦሊቬቲ ሲንጫጫ ዓመታት አለፉ። ስንት ማመልከቻ፣ ስንት የልብ ወለድ ረቂቅ በዚያ መኪና እንደ ተመታ ማን ቆጥሮት። የአያቱን ደብዳቤ የጻፈችና የልጁን ሮቦት የምታስብ አንዲት ትንሽ የጣሊያን ከተማ መኖሯ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የሰሌዳዋ ፈጣሪዎች ንድፏን ለሁሉ ክፍት አድርገው ለቀቁት፤ ስለዚህ ቻይና ውስጥ ተባዝታ እስከ እኛ ደረሰች።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው መስመር ተከታይ የሚባለውን ነው። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ሞተር፣ ባትሪ፣ ሰሌዳና ከፊት ወደ መሬት የሚያዩ ሁለት ዐይኖች። ዐይኖቹ ሰው የማያየው ቀይ አዘል ጨረር ይረጫሉ። ነጭ ወለል ጨረሩን ይመልሳል፣ ጥቁር ፕላስተር ይውጠዋል። በነጭ ወረቀት ላይ የተለጠፈው ጥቁር መስመር በሁለቱ ዐይኖች መካከል እስካለ ድረስ ሁለቱም ጎማዎች ይሮጣሉ። ግራው ዐይን ጥቁር ካየ ሮቦቱ ወደ ቀኝ ስቷል ማለት ነውና የግራው ጎማ ይዘገያል፣ የቀኙ ይቀጥላል፤ ፊቱ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ቀኙ ካየም እንዲሁ በተቃራኒው። ሕጉ ይኸው ነው፤ አራት መስመር አይሞላም።

ሥራው ግን ከሕጉ በኋላ ነው የሚጀምረው። ሁለት አንድ ዓይነት ሞተሮች እኩል አይዞሩም። ባትሪው ሲደክም ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም። በመስኮት የገባ የከሰዓት ፀሐይ ዐይኖቹን ያሳውራቸዋል፣ ሮቦቱም እንደ ሰከረ ሰው ይዞራል። መጋረጃ መዝጋት፣ ዐይኑን በካርቶን ከለላ ማልበስ፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ እንደ ገና መሞከር። ማታ መብራት ሄዶ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ያዘዘው የለም፣ የሚከፍለውም የለም። ሮቦታ የተገደደ ሥራ ከሆነ ይህ የሮቦታ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ሮቦት በስሙ ባሪያ ሆኖ ሳለ ሠሪውን ግን ነጻ የሚያወጣበት ሰዓት ቢኖር ይኸው ነው።

*

ጨዋታው እንጀራ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል።

አይኮግ ላብስ እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ጌትነት አሰፋና አሜሪካዊው የሰው ሠራሽ አእምሮ ተመራማሪ ቤን ጎርትዘል ናቸው። ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከውጭ አገር ለሚመጡ ሥራዎች ፕሮግራም ማዘጋጀት አንዱ መተዳደሪያው ሆነ። ጎርትዘል የሆንግ ኮንጉ ሀንሰን ሮቦቲክስ ዋና ሳይንቲስት በነበሩበት ዘመን ይኸው ኩባንያ የሠራት ሶፊያ የተባለች ሰው መሰል ሮቦት በዓለም ታወቀች፤ ከሶፍትዌሯም ከፊሉ በአዲስ አበባ ልጆች ተጻፈ። ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዜግነት ስትሰጣት ዓለም ስለ ሶፊያ ፊት አወራ። ስለ ጸሐፊዎቹ ጣቶች ያወራው ጥቂት ነው።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሶፊያ ወደ አዲስ አበባ ተጋበዘች። በመንገዷ ላይ፣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ፣ የአካሏን ክፍል የያዘ ሻንጣ ጠፋ፤ ተዘጋጅቶ የነበረው የጋዜጠኞች ስብሰባም ተሰረዘ። በኋላ ግን ተሟልታ ቀረበች፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር በቤተ መንግሥት ተገናኘች፣ ጥቂት አማርኛም ተናገረች። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ስለ ሻንጣው ቀለደ። ለእኔ ግን ያ ሻንጣ የዘመኑ ትክክለኛ ምሳሌ ነበር። ሐሳቧ በከፊል ከዚህ ነው፣ አካሏ ግን በሻንጣ ይመጣል፤ ሻንጣው ከጠፋ እዚህ የሚተካው የለም።

ሶፊያን የነቀፉም አሉ። ታዋቂው ተመራማሪ ያን ለኩን እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ እንደምታስብ ተደርጎ መቅረቧን በመረረ ቃል ተችቷል። ትችቱ ሚዛን ይደፋል። ቢሆንም በአዲስ አበባ በኩል ሲታይ የሚያሳስበው ጉዳይ ሶፊያ ታስባለች ወይስ አታስብም የሚለው አይደለም። ጥያቄው የሠሪው ስም የት ገባ የሚለው ነው። ይህን ሥራ ሁዳድ ማለት ግፍ ይሆናል፤ ፈቃድ አለበት፣ ደመወዝ አለበት፣ ትምህርትም አለበት። ነገር ግን በሌላ ሰው ማሳ ላይ የሚታረስ መሆኑ አይካድም። ምርቱ ሲሰበሰብ የሚጠራው የባለ ማሳው ስም ነው።

ከዚሁ ቤት የወጣ ሌላ ቅርንጫፍ የተሻለ ተስፋ ያሳየኛል። በሐረር እ.ኤ.አ. በ1999 የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ገና በልጅነቷ ፕሮግራም መጻፍ ጀምራ፣ በኋላ «ኤኒዋን ካን ኮድ» በተባለው ሥራ ሕፃናትና ወጣቶች ኮድና ሮቦት እንዲማሩ ስትደክም ቆይታለች። ዛሬ በከተማዋ ሮቦት ማስተማር ራሱ ሙያ ሆኗል፤ ቅዳሜና ክረምት ላይ ልጅ ይሰበሰባል፣ ሣጥን ይከፈታል። ከሮቦት እንጀራ የሚበላ ወጣት ዛሬ በብዛት የሚበላው ሮቦት በመሸጥ ሳይሆን ሮቦት መሥራትን በማስተማር ነው። ይህ አያሳፍርም፤ ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነበር። ባለቅኔው የሚኖረው ቅኔውን ሸጦ አልነበረም፣ ተማሪ ሰብስቦ እንጂ።

ነገር ግን ሣጥኑ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ዕድሜው በሌላ ሰው እጅ ነው። ዴንማርካዊው ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው «ማይንድስቶርምስ» የተባለው የሮቦት መማሪያ ለሃያ አራት ዓመታት በዓለም ትምህርት ቤቶች ተሠራጭቶ በ2022 መጨረሻ ኩባንያው አቋረጠው። በእኛ አገር ደግሞ የሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ብርን ካረከሰው ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሰሌዳና ሞተር ለተማሪ ኪስ ይበልጥ ራቀ። ይህ ሁሉ ወደ ምናለሽ ተራ ይመልሰናል።

ስለ እነዚህ ትንንሽ ሮቦቶች ታሪክ መጻፍ የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሴባስቶፖል እስካሁን መቅደላ ላይ አለ፤ ማንም ሊያነሣው አልቻለም። ከዎልተር ኤሊዎች አንዱ በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን ሙዝየም ተቀምጧል። በጀሞ ባለፈው ዓመት የተሠራ መስመር ተከታይ ግን ዛሬ የለም። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ካቻቪቴውን ያነሣል፤ ሞተሮቹን፣ ሰሌዳዋን፣ ባትሪውን ይፈታል፣ ለሚቀጥለው ይፈለጋሉና። ከስድስት ወር በኋላ ያው ሞተር በሌላ ጎማ ላይ፣ በሌላ ልጅ ወለል ላይ ይዞራል። የሚቀረው ፎቶግራፍ ነው፤ እርሱም ስልክ ውስጥ።